«እኔ» ጾታ የለውም
ከአጫዋቹ ጾታ የተለየ የአሻንጉሊት ገጸ ባሕርይን ስለ ማጫወት የቀረበ ንግግር




ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ርእሰ ከተማ የሆነችው ይጁቤ ትገኛለች። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ እንደ ሌላው የጎጃም ምድር ሁሉ፣ ከብት ከገባና እራት ከተበላ በኋላ ልጆች በምድጃ ዙሪያ ተሰብስበው ተረት ሲሰሙ ኖረዋል። ተረቱን የሚያወጉት አያት ወንድ ወይም ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ሴቲቱ አያት አያ ጅቦን ሲያናግሩ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፤ ትከሻቸውን ያሰፋሉ፤ ሆዱ የጠገበ፣ ልቡ ያልጠገበ ወንድ ይሆናሉ። ወንዱ አያት በበኩላቸው እመት ጦጢትን ሲያናግሩ አንገታቸውን ሰበር፣ ዓይናቸውን ፈጠን አድርገው በብልኀቷ የምትኖር ሴት ወይዘሮ ይሆናሉ። በዚያ ምድጃ ዙሪያ ከተቀመጡት ልጆች መካከል «አያቴ እንዴት ወንድ ይሆናሉ?» ወይም «አባባ እንዴት ሴት ይሆናሉ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «ከዚያስ?» የሚለው ብቻ ነው።

ይኸው ልጅ አድጎ በትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ ውስጥ ሲገባና በእጁ የሚጠለቅ የልጃገረድ አሻንጉሊት ሲሰጠው ግን ነገሩ ይለወጣል። ፊቱ ይቀላል፤ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ «ሴታሴት» የምትለዋ ቃል ከኋላው ትሰማለች። የሽማግሌ አሻንጉሊት የተሰጣት ልጅም «ወንዳወንድ» መባልን ትፈራለች። በምድጃው ዳር ነውር ያልነበረው ነገር በመድረክ ላይ ነውር የሆነው ስለ ምንድን ነው? አጫዋቹስ ከራሱ ጾታ የተለየውን ገጸ ባሕርይ ያለ ማፈርና ያለ ማሾፍ ሊያጫውት የሚችለው እንዴት ነው? የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው።

አስቀድሞ የአሻንጉሊት አጫዋች ሥራ ከተዋናይ ሥራ የሚለይበትን መግለጥ ያስፈልጋል። ተዋናይ ፊቱን፣ ቁመቱንና አካሄዱን ለገጸ ባሕርዩ ያውሳል፤ ተመልካቹም ተዋናዩንና ገጸ ባሕርዩን በአንድ አካል ላይ ያያቸዋል። አሻንጉሊት አጫዋች ግን አካሉን ከተመልካች ዓይን ያርቃል፤ የሚያውሰው እጁን፣ ትንፋሹን፣ ብዙ ጊዜም ድምፁን ነው። አሻንጉሊቱ በእጅ የሚጠለቅ፣ በዘንግ የሚያዝ፣ በክር የሚንጠለጠል ወይም ጥላው በመጋረጃ ላይ የሚታይ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ዘንድ ግን ጨርቁና እንጨቱ ከአጫዋቹ ተለይተው በራሳቸው ይታያሉ። እንግዲህ ወንድ ተዋናይ ሴትን ሲጫወት ተመልካቹ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ያያል። ወንድ አጫዋች የሴት አሻንጉሊትን ሲያጫውት ግን የሚታየው አሻንጉሊቷ ናት። ችግሩ ከዓይን ወደ ጆሮ ይዛወራል ማለት ነው።

ችግሩ ወደ ጆሮ ከተዛወረ ደግሞ ቋንቋውን መመርመር ግድ ይሆናል። በዚህ ረገድ አማርኛ ለአሻንጉሊት አጫዋች ልዩ ስጦታ አለው፤ ስጦታውንም ብዙዎች አያስተውሉትም። አማርኛ ተናጋሪ «እኔ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይናገርም። «መጣሁ»፣ «እሄዳለሁ»፣ «ራበኝ»፣ «አልፈልግም» የሚሉት ግሦች ሁሉ ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛ የሩቅ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ «እሄዳለሁ» የሚል ሰው በአሁን ጊዜ ግሡ ራሱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ይገልጥበታል። በጃፓንኛም «እኔ» ለማለት ወንዱና ሴቷ የሚመርጧቸው ቃላት የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በአማርኛ ግን ራስን መግለጫው ቃል ለሁሉ ክፍት የሆነ ቤት ነው።

ጾታ የሚገባው በሌላ በር ነው። አንዱ ሌላውን ሲጠራ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት፣ ሲያዝዝ «ና» ወይም «ነይ» ማለት፣ ስለ ሦስተኛ ሰው ሲያወራ «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት አለበት። ስለዚህም በአማርኛ ሰው ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን ከራሱ አፍ ሳይሆን ከሌሎች አፍ ይሰማል። ይህ የሰዋስው ሕግ ለአሻንጉሊት መድረክ ሲተረጎም ትልቅ ነገር ያመለክታል፤ የአሻንጉሊቷን ሴትነት የሚሠራው በዋናነት የአጫዋቹ ጉሮሮ ሳይሆን አብሯት ያለው ሌላው ገጸ ባሕርይ መሆኑን ነው። እርሱ አንድ ጊዜ «ነይ ወዲህ» ብሎ ከጠራት በኋላ፣ የሚያጫውታት እጅ የማን እንደ ሆነ ተመልካቹ መጠየቁን ይተዋል።

ይህ ሕግ የሚላላበት ስፍራ አለ። ሕዝቡ በፍቅርና በጨዋታ ጊዜ ጾታውን ሲያዛውረው ይሰማል፤ እናት ትንሽ ወንድ ልጇን አቆላምጣ «አንቺ» ትለዋለች፤ ልጅቱንም በጨዋታ «አንተ» የሚላት አለ። ሰሚው ይህን አያደናግረውም፤ ፍቅር መሆኑን ያውቃል። በአክብሮት ጊዜ ደግሞ ጾታ ጭራሽ ይሸሸጋል። «አንቱ»፣ «እርስዎ»፣ «እሳቸው» የሚሉት ቃላት ወንድና ሴት አይለዩም። ስለዚህ የአሮጊት ወይም የሽማግሌ አሻንጉሊት በመድረክ ላይ ሲቀርብ፣ የጾታው ምልክት በግሡ ሳይሆን በመጠሪያው መግባት አለበት፤ «እማማ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ»፣ «ጋሼ»፣ «አያ» የሚሉት መጠሪያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ተውኔቱን የሚጽፈው ሰው እነዚህን ቃላት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ካላስገባ፣ አጫዋቹ የጎደለውን በድምፁ ለመሙላት ይገደዳል፤ ያን ጊዜም ማጋነን ይጀምራል። ተረት አውጊዎቹ አያቶች ይህን ቀድመው አውቀውት ነበር፤ «አያ» ጅቦና «እመት» ጦጢት የሚሉት መጠሪያዎች እንስሶቹ ገና ሳይናገሩ ጾታቸውን ያስታውቃሉ።

ይህ ዕውቀት ከምድጃ ወደ ዘመናዊ መድረክ የተሻገረበትን መንገድ መመልከት ይገባል። የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በእንስሶች አንደበት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ያሳዩት ተውኔት የአውሬዎች ታሪክ ነበር። ሰው በሰውነቱ ሊናገረው ያልደፈረውን የመንግሥት አስተዳደር ነቀፌታ አውሬዎቹ ተናገሩት፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሌላ ፍጡር አካል የተናጋሪውን ማንነት ሲሸፍን ንግግሩን ያሳልለዋል እንጂ አያደበዝዘውም።

የጎጃም ምድር በበኩሉ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሰጥቷል። ከደብረ ማርቆስ እምብዛም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ ተወልደው በቅኔ ቤት ያደጉት ዮፍታሔ፣ በአዲስ አበባ መምህር ሆነው ተውኔቶቻቸውን በተማሪዎች ያሠሩ ነበር። ከሥራዎቻቸው አንዱ «አፋጀሽኝ» የሚል ርእስ አለው። አንባቢው ገና ርእሱን ሲያይ የሚናገረው ሰው ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም፤ የሚነገራት ግን ሴት መሆኗን ያውቃል። ተናጋሪው ጾታ የለውም፤ ተጠሪዋ አላት። ከላይ የተባለው የሰዋስው ነገር በአንዲት ቃል ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል።

በዚያ ዘመን ሴቶች ወደ መድረክ መውጣት ስላልተፈቀደላቸው ወይም ስላልተለመደ የሴት ገጸ ባሕርያት በወንዶች ይሠሩ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመና ከነጻነት በኋላ ሥራው ከተስፋፋ ወዲህም ይህ ልማድ ለጊዜው ቀጥሎ ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ካለፉት ታዋቂ ሰዎች አንዱ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ይጫወቱ ነበር። እኒህ ሰው በኋላ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ክፍለ ጊዜ ለ42 ዓመታት ያህል ተረት ያወጉና በመላ አገሪቱ «አባባ ተስፋዬ» በመባል የታወቁ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር እስካረፉበት ቀን ድረስ የትውልዶች አባት ሆነው ኖረዋል።

የአባባ ተስፋዬ ሕይወት ለዚህ ርእስ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በወጣትነታቸው ሴት ሆነው የተጫወቱት ሰው በሽምግልናቸው አገሪቱ «አባባ» ብላ ጠራቻቸው። የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወታቸው ከአባትነት መዓርጋቸው አንዲት ቅንጣት አልቀነሰባቸውም። «ሴታሴት» የሚለው ስድብ ለሚያስፈራው ወጣት አጫዋች ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝለትም። ሁለተኛ፣ እኒህ ሰው ከመድረክ ወደ ተረት ወንበር ሲዛወሩ፣ የተዋናይ ልብስ ሳያስፈልጋቸው ጦጣውንም፣ ጅቡንም፣ አሮጊቷንም በአንድ አፍ አናገሩ። ቀሚሱ ቀርቶ ሥራው አልቀረም፤ ሲሠራ የነበረው ቀሚሱ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን አገልግሎት ባበቃበት ሰሞን፣ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆነው የመሠረቱት ይህ ዝግጅት ባለ ታሪኳ ፀሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ለፀሐይ ድምፅ የሰጡት ወይዘሮ ብሩክታዊት ራሳቸው ናቸው። ዝግጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የፕሪ ዠኔስን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ የጃፓን ሽልማትን አገኘ፤ ወይዘሮ ብሩክታዊትም በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ከተሰጣቸው ወጣቶች አንዷ ሆኑ። ዝግጅቱ ከአማርኛ ሌላ በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ቀርቧል።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሴት ለሴት አሻንጉሊት ድምፅ መስጠቷ ከርእሱ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚያገናኘው ታሪካዊ መገለባበጡ ነው። ቀድሞ ሴቷን የሚጫወታት ወንድ ነበር፤ በኋላ ሴቷ የራሷን ፀሐይ ራሷ ተናገረች። «ፀሐይ» የሚለው ስምም በአማርኛ «ወጣች»፣ «ጠለቀች» እየተባለ በሴት አንቀጽ የሚነገር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ወንድ ይሁን ሴት በጆሮ ብቻ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ፀሐይን ሴት ያደረጋት ከርእሱ ጀምሮ «ትወዳለች» መባሏ ነው። ያንን አሻንጉሊት ወንድ ቢያጫውተው ኖሮ እንኳ፣ የሚጠራት ሁሉ «ፀሐይ፣ ነይ» ካላት ልጅቱ ሴት ሆና ትቀራለች።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህን ሐሳብ ያጠናክረዋል። በጃፓን የቡንራኩ የአሻንጉሊት ተውኔት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው፣ በልማድ የወንዶች ሙያ ሲሆን፣ እጅግ የተደነቁት ገጸ ባሕርያቱ ግን ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፤ ዋናው ባለሙያ ራስንና ቀኝ እጅን፣ ሁለተኛው ግራ እጅን፣ ሦስተኛው እግርን ይይዛሉ። የሴት አሻንጉሊት ግን በአብዛኛው እግር የላትም። እግር ያዡ የቀሚሷን ጠርዝ ከውስጥ በጣቶቹ ይዞ እያወዛወዘ እግር ያለ ያስመስላል። ድምፁም ከሦስቱ የአንዱም አይደለም፤ በመድረኩ ጎን የተቀመጠ አንድ ተራኪ የወንዱንም፣ የሴቱንም፣ የሕፃኑንም ቃል ይናገራል። እንግዲህ እዚያ ያለችው ሴት ከአራት ሰዎች ሥራ የተሸመነች ናት፤ ሴትነቷም ከማንኛቸውም አካል የተቆረሰ አይደለም፤ በመካከላቸው ባለው መግባባት የተሠራ ነው። በጃፓን ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አንዲት ሴት አንድ አሻንጉሊት ለብቻዋ የምታጫውትበት የቡንራኩ ዓይነት ተፈጥሯል።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ በግብፅ አራጎዝ የሚባል ጥንታዊ የእጅ አሻንጉሊት ተውኔት አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። አጫዋቹ ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ በአፉ ውስጥ ትንሽ የድምፅ መቀየሪያ ይይዛል። በእርሷ የሚወጣው የአራጎዝ ድምፅ የወንድም የሴትም ያልሆነ፣ የአራጎዝ ብቻ የሆነ ድምፅ ነው። አጫዋቹ መቀየሪያዋን በምላሱ ገፋ አድርጎ በራሱ ድምፅ ሌሎቹን ገጸ ባሕርያት ያናግራል፤ እንደ ገና መልሶ አራጎዝን ይናገራል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1976 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. በታየው የመፔቶች ትርኢት ደግሞ በዓለም የታወቀችው ሚስ ፒጊ የምትባለው አሳማ በፍራንክ ኦዝ፣ በወንድ አጫዋች፣ እጅና ድምፅ ነፍስ ዘርታለች። የዚያች አሻንጉሊት ኩራት የሚታወቀው ከድምፁ ቅጥነት ይልቅ ከአንገቷ አመላለስ ነው፤ መጀመሪያ አንገቷ ይኮራል፤ ቃሉ ከኋላ ይከተላል።

ከእነዚህ ሁሉ ልምዶች ለሙያው የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ይጨመቃሉ።

የመጀመሪያው ስለ ድምፅ ነው። የጎልማሳ ወንድ የንግግር ድምፅ በሴኮንድ ከ85 እስከ 180 ጊዜ፣ የጎልማሳ ሴት ደግሞ ከ165 እስከ 255 ጊዜ ያህል እንደሚርገበገብ በጥናት ይነገራል። ሁለቱ ክልሎች ከ165 እስከ 180 ባለው ላይ ይገናኛሉ። ወንዱ ድምፁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መግፋት አያስፈልገውም፤ ወደ መገናኛው ከፍ ማለት ይበቃዋል። ሴቷም ወንድን ስትናገር ጉሮሮዋን ማጨናነቅ የለባትም። የተጨናነቀ ጉሮሮ ሁለት ጉዳት አለው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደክማል፤ ከዚያም በላይ ተመልካቹን ከገጸ ባሕርዩ ወደ አጫዋቹ ይመልሰዋል። የወንድ ሰው የሐሰት ቅጥን ድምፅ ሣቅ የሚፈጥረው ሴቷ ስለ ታየች ሳይሆን ወንዱ ስለ ታየ ነው።

ሁለተኛው ስለ ትንፋሽ ነው። አሻንጉሊት ከመናገሩ በፊት መተንፈስ አለበት። የአጫዋቹ ደረት ሲነሣ የአሻንጉሊቱ ደረት ወይም ራስ በትንሹ ከተነሣ፣ ጨርቁ ሕይወት ያገኛል። ትንፋሽ ጾታ የለውም፤ ሐዘን፣ ድንጋጤ፣ ድካምና ተስፋ ግን አለው። ሴቲቱን በሴትነቷ ከመፈለግ በፊት በትንፋሿ መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው ስለ ዓይን ነው። አሻንጉሊት የሚያስበው በዓይኑ አቅጣጫ ነው። በጎጃም ገጠር ልጃገረድ ከታላቆቿ ፊት ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ መቆሟ የተለመደ ነው፤ አጫዋቹ ይህን በአንገት ሲያሳይ ያየውን ያሳያል። ነገር ግን ሁልጊዜ ዓይኗን ጥላ ከቀረች አጫዋቹ ልጃገረዷን ሳይሆን ስለ ልጃገረድ የሚባለውን አጫወተ ማለት ነው። እውነተኛዋ ልጅ ዓይኗን የምታነሣበት ጊዜ አላት። አጫዋቹ መፈለግ ያለበት ያችን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ይደረሳል። እንበልና በይጁቤ ከሚገኝ ትምህርት ቤት የኪነት ክበብ ውስጥ ተማሪዎች ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ አጭር የአሻንጉሊት ተውኔት አዘጋጁ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታዎች ከ18 ዓመት በታች እንዳይሆን ደንግገዋል። ልማዱ ግን ከሕጉ ኋላ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ተውኔቱ ለእነዚያ ተማሪዎች የመጽሐፍ ነገር አይደለም፤ ከእነርሱ መካከል አንዷ ልትሆን የምትችለውን ልጅ የሚመለከት ነው። የልጃገረዷ አሻንጉሊት ለአንድ ወንድ ልጅ ደረሰችው። የአባትየው አሻንጉሊት «ነይ ወዲህ፤ እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አላት። በዚህች «ነይ» ልጅቱ ሴት ሆነች። ወንዱ ልጅ በአሻንጉሊቷ ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከዚያም «መማር እፈልጋለሁ፤ ማግባት አልፈልግም» አለ።

«አልፈልግም» የሚለው ቃል ጾታ የለውም። ስለዚህ ያ ልጅ ያንን ቃል ሲናገር የእርሷ ብቻ ነው ብሎ ሊሸሽበት የሚችል ምንም የሰዋስው መሸሸጊያ የለውም። ለዚያች ደቂቃ ቃሉ የእርሱም ነው። ነገ ለታናሽ እኅቱ ሽማግሌ ሲላክ፣ ያንን «አልፈልግም» አንድ ጊዜ በገዛ ትንፋሹ የተናገረው ልጅና ከውጭ ብቻ የሰማው ልጅ አንድ አይሆኑም። ከራስ ጾታ የተለየ ገጸ ባሕርይን የማጫወት ከፍተኛው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ከሰው ስለ ሰው ከመስማት አልፎ በሰው ስፍራ ቆሞ «እኔ» ማለትን ያስተምራል።

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ጉዳቱንም መደበቅ አይገባም። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ማሾፍ ነው። አጫዋቹ የሴቷን አሻንጉሊት ወገቧን እያወዛወዘ፣ ቃሏን እያንቀለቀለ፣ እንባዋን ለሣቅ እያዋለ ካጫወታት፣ ለሌላ ሰው «እኔ» አላለም፤ በሌላ ሰው ስም «እርሷ» አለ። ሣቅ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ተረቶቻችንም ያለ ሣቅ አልተወሩም። ነገር ግን አያ ጅቦ የሚያስቀው ሆዳም በመሆኑ እንጂ ወንድ በመሆኑ አይደለም፤ እመት ጦጢትም የምታስቀው ብልጥ በመሆኗ እንጂ ሴት በመሆኗ አይደለም። የምድጃ ዳር ሣቅ መነሻው ጠባይ ነው። መነሻው ጾታ የሆነ ሣቅ ከዚያ ልማድ የራቀ፣ ለሙያውም የማይመጥን ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይከብዳል። ወንድ ሴትን በሚገባ ማጫወት ከቻለ፣ «እንግዲያው ሴቶች ስለ ምን ያስፈልጋሉ?» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ በኢትዮጵያ መድረክ የሆነ ነገር ነው። ወንዶች ሴቶችን በተጫወቱባቸው ዓመታት ሴቶቹ ከመድረክ ውጭ ነበሩ። ከእነዚያ ዓመታት በኋላ አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ቀደምት ሴቶች መድረክ ላይ ሲወጡ «አዝማሪ» መባልን፣ የቤተሰብንና የጎረቤትን መራቅ ችለው ነበር። በአሻንጉሊት መድረክም እንዲሁ እንዳይሆን፣ የክበቡ ወንዶች የልጃገረዷን አሻንጉሊት ሲይዙ የክበቡ ልጃገረዶች የአባትየውንና የሽማግሌዎቹን አሻንጉሊት መያዝ አለባቸው። ምናልባት ትልቁ ለውጥ የሚታየው ከዚህኛው ወገን ይሆናል። «ነይ ወዲህ» ብላ የማዘዝን ቃል በእጇና በትንፋሿ የሞከረች ልጅ የዚያን ትእዛዝ ክብደት ከውስጡ ታውቀዋለች፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ቀድሞው አያስፈራትም።

ከዚህ የተነሣ ለሙያው ባልደረቦች ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች ይቀርባሉ። ተውኔት ጸሓፊው የገጸ ባሕርዩን ጾታ በሌሎች ገጸ ባሕርያት አጠራር ውስጥ ያስቀምጥ እንጂ ለአጫዋቹ ጉሮሮ አይተወው። አሠልጣኙ በአንድ ክበብ ውስጥ ወንዱም ሴቷም ሁለቱንም ጾታ በየተራ እንዲያጫውቱ ያድርግ፤ በየተራ ሲሆን ስድቡ መያዣ ያጣል። አጫዋቹም ከመለማመዱ በፊት የሚያጫውታትን ሴት ወይም የምታጫውተውን ወንድ የሚመስሉ ሰዎችን ሄዶ ያዳምጥ። የሴትን ኑሮ የሚያውቁት ሴቶች፣ የወንድን ኑሮ የሚያውቁት ወንዶች ናቸው፤ አጫዋቹ በመካከላቸው የሚላክ መልእክተኛ ነው።

መልእክተኛ ከተባለ ዘንድ ንግግሩ ወደ ተነሣበት ወደ ይጁቤ ይመለሳል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ በሚመጡ ነጋዴዎች የታወቀ ነበር። ኦሮምኛ የሚናገረው ነጋዴና አማርኛ የሚናገረው ገዢ ያለ አስተርጓሚ እንደ ልባቸው ሊገበያዩ አይችሉም። ደግ አስተርጓሚ ሲያስተረጉም «እርሱ እንዲህ ይላል» እያለ አያዘገይም፤ «በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ» ብሎ በሻጩ ስፍራ ይናገራል፤ ወዲያው ዞሮ «በዚህ ዋጋ እገዛለሁ» ብሎ በገዢው ስፍራ ይናገራል። ማንም በሌላ ሰው ስም «እኔ» በማለቱ ውሸታም አላለውም። የሚወቀሰው ቃሉን ካጎደለ፣ ወይም ለራሱ ትርፍ ካዛባው ብቻ ነው።

ከጾታው የተለየ አሻንጉሊት የሚያጫውት ሰውም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ወንድ ሆኖ ሴትን መናገሩ፣ ሴት ሆና ወንድን መናገሯ አያስነቅፍም። የሚያስጠይቀው ቃሉን ማዛባት፣ እንዲሁም ባለ ቃሉ በስፍራው እያለ ገበያውን ዘግቶ ብቻውን መናገር ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተጠበቁ፣ የልጃገረድ አሻንጉሊት የደረሰው ያ ተማሪ ፊቱ የሚቀላበት ምክንያት አይኖርም፤ አያቶቹ በምድጃ ዳር ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ በመድረክ ላይ ይሠራልና።